ጣትህ ሲፈጥን ጆሮ ይከተልህ

ልጄ፣ ጊታር ከያዝህ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሰው ገጥሞሃል። አንዱ ጣቶችህ በክሩ ላይ ሲበሩ አይቶ በአድናቆት ይጮኻል፤ ሌላው «ይሄ የጣት ስፖርት ነው፣ ነፍስ የለውም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አንዱ ያኮራሃል፣ ሌላው ያናድድሃል፤ አንተም እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለህ። በጣም ፈጣን፣ ቴክኒክ የበዛበት አጨዋወት ለጆሮ ደስ ይላል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ «አዎን ይላል፤ ሰሚው ሊከተልህ እስከቻለ ድረስ» እልሃለሁ። ከጊታር ጋር ዕድሜህን ለመኖር ካሰብህ ይህችን አጭር መልስ ዘርዝሬ ላስረዳህ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብዬ ልገሥጽህ አልመጣሁም። መፍጠንና መቸኮል ለየቅል ናቸው። ምቱን ጠብቆ በሰከንድ አሥር ኖታ የሚጫወት ሰው አልቸኮለም፤ እያንዳንዷ ኖታ በሰዓቷ ትደርሳለች። በሰከንድ ሁለት ኖታ እየተጫወተ ከምቱ የሚቀድም ሰው ግን ቸኩሏል። ስለዚህ ፈጣን ስለሆንህ ብቻ የሚወቅስህን አትስማው። ዝግታም ብቻውን ነፍስ አይሰጥም፤ ቀስ ብሎ የሚጫወት፣ ግን ምንም የማይናገር ጊታሪስት ሞልቷል።

አሁን ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ልብ በል። ሜትሮኖምህን በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርገህ በእያንዳንዱ ምት አራት ኖታ ብትጫወት በሰከንድ 8 ኖታ ይሆናል። 180 ላይ ብታደርሰው 12 ይሆናል። እዚያ ፍጥነት ላይ ሰሚህ ኖታዎቹን አንድ በአንድ አይለቅምም። የሚሰማው ቅርጽ ነው፤ የሚወጣ፣ የሚወርድ፣ የሚዞር ወይም የሚፈነዳ ነገር። አንተ አርባ ኖታ ተጫወትሁ ስትል እሱ የሰማው አንድ ድምፅ ነው። እንግዲህ ያ አንድ ድምፅ ከየት ተነሣ? ወዴት አመራ? የት አረፈ? እነዚህ ሦስቱ ከተሰሙ ፍጥነቱ ደስታ ይሆናል። ካልተሰሙ ግን አርባውም ኖታ ንጹሕ ሆኖ እንኳ ሰሚው ይደክማል።

ለአንተ ግን አይደክምም። ፈጣን ሶሎ ስትሰማ ጣቶችህ አብረው ይጫወታሉ፤ የቱ ጋ እንደሚከብድ፣ የቱ ጋ ፒኩ አቅጣጫ እንደሚቀይር ታውቃለህና ችግሩን ማለፉ ራሱ ያረካሃል። ጊታር ይዞ የማያውቅ ሰው ይህ ደስታ የለውም። መሪውን የያዘ ሹፌር በፍጥነቱ ይደሰታል፤ ተሳፋሪው የሚደሰተው መንገዱ ከታየው ብቻ ነው። ሰሚህ ተሳፋሪ ነው። «ነፍስ የለውም» የሚልህ ሰው ብዙ ጊዜ ማለት የፈለገው «መንገዱ አልታየኝም» ነው፤ አትናደድበት፣ መንገዱን አሳየው።

እንዴት እንደሚታይ ከታላላቆቹ ተማር። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ልንገርህ። ኤዲ ቫን ሄለን «ኢራፕሽን»ን ያሰማው ባንዱ በ1978 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የቀኝ እጅን ጣት ወደ ጊታሩ አንገት አምጥቶ ክሩን መምታት፣ ታፒንግ የሚባለው ዘዴ፣ ከእሱ በፊትም ነበር፤ ዓለም በሰፊው ያወቀው ግን በእሱ እጅ ነው። ያ ሥራ ሲጀምር ኮርዱ ይጮኻል፣ ከዚያ ሩጫ ይመጣል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ሰሚው ተንፍሶ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ታፒንጉ ሲመጣ ደግሞ ጣቶቹ እጅግ ይፈጥናሉ፣ ከሥር ያለው ኮርድ ግን ተረጋግቶ ነው የሚለወጠው። ላዩ ይሮጣል፣ ታቹ በእርጋታ ይራመዳል። ሙዚቃ ያልተማረ ጆሮም የታቹን እርምጃ ይዞ ይከተላል። የኤዲ ብልሃት ፍጥነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከእሱ በኋላ ከእሱ የፈጠኑ ብዙዎች ተነሥተዋልና ዛሬ ማንም ባላስታወሰው ነበር።

ቀጥሎ የስቶክሆልሙ ዪንግቬይ ማልምስቲን መጣ። በ1984 «ራይዚንግ ፎርስ» የተባለ አልበሙን ሲያወጣ ከጥንቶቹ አቀናባሪዎች ከባኽና ከፓጋኒኒ የተማረውን በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አፈሰሰው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማይክ ቫርኒ ያቋቋመው ሽራፕኔል ሪከርድስም ፈጣን ወጣት ጊታሪስቶችን እየፈለገ ያስቀርጽ ነበር። ዘመኑ የውድድር ዘመን ሆነ። ከማልምስቲን ግን በብዛት የተቀዳው ፍጥነቱ ነው። በዚያው አልበም ላይ ያለው «ብላክ ስታር» በአኩስቲክ ጊታር ተረጋግቶ ጀምሮ፣ ቀጥሎ ድምፃዊ ሊያዜመው በሚችል ዜማ ይገባል፤ ረጅሟን ኖታ ሰፊ በሆነ ቫይብራቶ ያርገበግባታል። ይህ ክፍል ሳይቀዳ ቀረ። እናም የዚያን ዘመን ቅጂዎች ደርድረህ ብትሰማ አንዱን ከሌላው መለየት የሚያስቸግርህ ብዙ ታገኛለህ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒርቫናን የመሳሰሉ ባንዶች ቀለል ባለ አጨዋወት ሲመጡ የሮክ ሰሚ ወደ እነርሱ ዞረ። ጆሮው የሚይዘው ዜማ ናፍቆት ነበር።

ፍጥነት ሲያምር ለመስማት ስቲቭ ቫይ በ1990 ያወጣውን «ፎር ዘ ላቭ ኦፍ ጎድ» አድምጥ። ከስድስት ደቂቃ ያልፋል። በዝግታ፣ ሊዘመር በሚችል ዜማ ይነሣል፤ ዜማውን ሰሚው ልብ ውስጥ ካኖረ በኋላ እየጨመረ፣ እየጋለ ይሄዳል። ፍጥነቱ ሲደርስ እንግዳ አይሆንም፤ ስሜቱ ሲጠብቀው ቆይቷል። የምነግርህ ነገር ሁሉ በዚያ አንድ ሥራ ውስጥ አለ።

ሌላም ምስክር ልጨምርልህ። ዲሴምበር 5 ቀን 1980 በሳን ፍራንሲስኮ ዋርፊልድ ቴአትር ስፔናዊው ፓኮ ዴ ሉሲያ፣ እንግሊዛዊው ጆን ማክላውሊንና አሜሪካዊው አል ዲ ሜኦላ አኩስቲክ ጊታር ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ምሽት አብዛኛው ክፍሉ የተቀዳው አልበም በቀጣዩ ዓመት ወጣ። ከጊታሩ እኩል የተመልካቹን ጩኸት ትሰማበታለህ። ያ ሁሉ ሰው ጊታሪስት አልነበረም። ታዲያ ምን አስጮኸው? አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ እንደገና ያኛው ይጨምርበታል፤ ከሥር ያለው ምት ደግሞ እግር እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ሰው ጭውውትን ቋንቋውን ባያውቅም ይከተላል። አንተም ስትፈጥን ለማን እየመለስህ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ፤ ለድምፃዊው? ለከበሮው? ወይስ ለማንም አይደለም?

ነገሩ በጊታር አልተጀመረም። ኒኮሎ ፓጋኒኒ ለብቸኛ ቫዮሊን የጻፋቸው 24 ካፕሪሶች በ1820 ታትመዋል፤ እስከ ዛሬ ቫዮሊኒስቶችን ያስጨንቃሉ። ከነዚያ ሁሉ በሌሎች አቀናባሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የተነሣው ግን የመጨረሻው፣ 24ኛው ነው። ብራምስ በርሱ ላይ ጻፈ፤ ራኽማኒኖፍም በ1934 ለፒያኖና ለኦርኬስትራ ታላቅ ሥራ አወጣበት። ሁለቱም የወሰዱት ሩጫውን አልነበረም፤ ሩጫው የተሠራባትን አጭርና ቀላል ዜማ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚወረሰው ያ ነው።

የጄሰን ቤከርን ታሪክ ደግሞ በጣትህ ስትመካ እንድታስታውሰው ልንገርህ። በ1987 ከማርቲ ፍሪድማን ጋር «ስፒድ ሜታል ሲምፎኒ»ን ሲያወጣ ገና አሥራዎቹን አልጨረሰም ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት ፈጣኖች አንዱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኤኤልኤስ የተባለው፣ ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች የሚገድል በሽታ ያዘው። እጁ ቆመ፣ መናገርም አልቻለም። አባቱ ባበጀለት ዘዴ በዓይኑ እንቅስቃሴ ፊደል እየጠቆመ ሙዚቃ መድረሱን ቀጠለ፤ በ2018 እንኳ አዲስ አልበም አውጥቷል። በሽታው ፍጥነቱን ቢወስድበትም፣ ፍጥነቱን ያዝዝ የነበረው ዜማ የሚያስብ አእምሮ ግን አልተወሰደበትም። አንተም ከጣትህ ጋር ያንን አሠልጥን።

ወደ እኛ ቤት ስትመለስ ሌላ ነገር ታገኛለህ። ከውጭ የምትለማመዳቸው ሩጫዎች አብዛኞቹ ሰባት ኖታ ባላቸው ስኬሎች ላይ፣ በአንድ ክር ሦስት ሦስት ኖታ እየተያዘ የተሠሩ ናቸው። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን አምስት አምስት ኖታ ነው ያላቸው፤ በጊታሩ አንገት ላይ በአመዛኙ በአንድ ክር ሁለት ሁለት ሆነው ይወድቃሉ። የለመድኸው የጣት መንገድ አይገጥምም። በግድ ላስገጥም ብትል በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኖታ ይገባብሃል፣ ቅኝቱም ይፈርሳል። ደግሞም የቅኝት ጣዕም በኖታው ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ወደ ኖታው በምትንሸራተትበት፣ ክሩን በምትገፋበትና በምታርገበግብበት መንገድ ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። በትዝታ ላይ ስትሮጥ ቢያንስ የማረፊያዋን ኖታ ያዛት፣ አርገብግባት፣ ትዝታ መሆኗን ትናገር። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ከስንኝ እስከ ስንኝ ባለችው ክፍተት ምን እንደሚያደርግ፣ ሰላም ስዩምም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ውስጥ ጊታሩን ከድምፃዊው ጎን እንዴት እንዳስኬደው አድምጥ። የቸኮለ መልስ አትሰማባቸውም።

እንግዲህ የምታደርገውን ልንገርህ። ፍጥነትን ተለማመድ፤ የምትፈልገው ዜማ ፈጣን ሲሆን ጣትህ እንዳያሳፍርህ። ሲለማመዱ ግን በዝግታ ነው፤ እያንዳንዷ ኖታ ንጹሕ ሳትሆን ሜትሮኖሙን አትጨምር። ትከሻህና ክንድህ ከተወጠሩ ቁም፤ የተወጠረ እጅ አይፈጥንም። ካመመህ ደግሞ አሳርፈው፤ ጅማቱን የጎዳ ጊታሪስት ለወራት ሊቀመጥ ይችላልና ሕመም ላይ ጀግንነት የለም።

ከመሮጥህ በፊት የት እንደምታርፍ እወቅ። ማረፊያህ ከኮርዱ ኖታዎች አንዷ ትሁን፤ ወይም ሆን ብለህ ከኮርዱ ውጭ አርፈህ የምትመለስበትን እወቅ። ከሩጫህ በፊትና በኋላ ዝምታ አኑር፤ ጆሮ የሚያነጻጽርበት ካላገኘ ፍጥነት መሆኑንም ይረሳል። ቢ.ቢ. ኪንግ ሲዘፍን ጊታሩን ዝም ያሰኘው ነበር፤ ከዚያ በአንዲት ኖታ፣ በግራ እጁ እያርገበገበ ይመልሳል። እሱን ለፍጥነት ጠላት አድርገው የሚጠቅሱልህን ተዋቸው፤ ከእሱ የምትወስደው መቼ መናገር እንዳለብህ ነው።

አጃቢነትን አትናቅ። ሙሉ ምሽት ኮርድ እየመታ ድምፃዊውን የተሸከመ ሰው፣ አራት ምት ሶሎ ሲሰጠው ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። የሠራኸውንም ጊታር ለማይጫወት ሰው አሰማ፤ ለእናትህ፣ ለእህትህ፣ ለጎረቤትህ። «ፈጠንሁ ወይ?» ብለህ አትጠይቃቸው። «የቱ ጋ ደስ አላችሁ? የቱ ጋ ጠፋሁባችሁ?» በላቸው። ከማንኛውም መምህር የማታገኘው መልስ ነው።

በመጨረሻም ይህን ፈተና ለምታወጣው ሶሎ ሁሉ ሥርዓት አድርገው። ፈጣኑን ክፍል አውጣና መነሻውንና ማረፊያውን ኖታ ብቻ ከሥሩ ካለው ኮርድ ጋር ተጫወት። ያ አጽም ለብቻው ዜማ ሆኖ ከቆመ ፍጥነቱን መልስለት፤ ያምርበታል፣ ሰሚህም እስከ መጨረሻው አብሮህ ይሄዳል። ካልቆመ ጣትህን አትውቀስ፣ ሜትሮኖሙንም አትጨምር፤ ተቀመጥና መጀመሪያ ዜማውን ሥራ።