ድግሱ የማን ነው? ዕዳውስ የማን?

ዋና ከተማ ያልሆነች፣ ሀብቷም ሕዝቧም መጠነኛ የሆነ ከተማ፣ ትልቅ ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር ላዘጋጅ ብላ መነሣት ይገባታል ወይስ አይገባትም? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የስፖርት ወይም የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ለምን ቢሉ፣ ድግስ ያለ ደጋሽና ያለ ከፋይ አይኖርም፤ ደጋሹና ከፋዩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የደጋፊዎቹን ክርክር በቅንነት እንስማ። “ትንሽ ከተማ ምን አቅም አላት?” የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከአስተዋይነት ሳይሆን ከንቀት ነው። ሁሉ ነገር በዋና ከተማ ይሁን ከተባለ መንገዱም፣ ሆስፒታሉም፣ ቴአትሩም እዚያው ይከማቻል፤ የቀረው አገር ዕድሜ ልኩን ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም፤ ከተማም እንደዚሁ። አንድ ቀን እንኳ እንግዳ ተቀብላ፣ ስሟ በሬዲዮ ተጠርቶ መስማት ትፈልጋለች። ይህን ፍላጎት ከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

ለዚህም ምስክር ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። በ1976 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ ስታዘጋጅ ጨዋታው በአዲስ አበባ ብቻ አልተወሰነም። ከሁለቱ ምድቦች አንዱን የተቀበለችው ድሬዳዋ ናት። ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮና ሱዳን የተጋጠሙት እዚያ ነው፤ ኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ጉዞዋን የጀመረችው ከድሬ ነው። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ውድድሩ የስምንት ቡድኖች ነበር፤ ድሬ የተሸከመችው አራቱን ነው። ሸክሙ በትከሻዋ ልክ ነበር ማለት ነው። ከ2019 ጀምሮ ግን የዚያው ዋንጫ ተሳታፊዎች 24 ሆነዋል። ከተማዋ ያቺው ድሬ ብትሆንም ሸክሙ ያው አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። በዚያው በ1976 ሞንትሪያል ኦሊምፒክን አዘጋጀች። ከንቲባዋ ዣን ድራፖ፣ ወንድ ልጅ እንደማያረግዝ ሁሉ ኦሊምፒክም አይከስርም ብለው ነበር። ታዲያ ምን ተገኘ? ወደ 1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር የሚጠጋ ዕዳ! ውድድሩ ሲከፈት የስታዲዮሙ ማማ እንኳ ገና አልተፈጸመም ነበር። ዕዳውን ለመክፈል በትምባሆ ላይ ልዩ ቀረጥ ተጣለ፤ ተከፍሎ ያለቀውም በ2006 ነው። ሞንትሪያል ደግሞ ትንሽ ከተማ አይደለችም። እሷን እንዲህ ካንገዳገደ ከእሷ ያነሰችውን ምን ያደርጋት ይሆን?

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የገንዘቡ ብዛት አይደለም። በዚያ ዓመት ሞንትሪያል ውስጥ የተወለደ ሕፃን ዕዳው ሲያልቅ 30 ዓመት ሞልቶታል። ውድድሩን አላየም፣ አላጨበጨበም፣ ይሁን ብሎም ድምፅ አልሰጠም። ኧረ ለመሆኑ በዚህ ልጅ ስም ቃል የመግባት ሥልጣን ለከንቲባው ማን ሰጣቸው?

“መንገድም ግድብም እኮ በብድር ይሠራል፤ የእሱንስ ዕዳ ልጆቻችን አይከፍሉም?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይከፍላሉ። ልዩነቱ ግን ልጁ በመንገዱ ይሄድበታል፣ በግድቡ መብራት ያጠናበታል። ለአባቱ ሰርግ የተገዛውን ጠጅ ግን ሊጠጣው አይችልም፤ የሚደርሰው ባዶው ብርሌ ነው። ስለዚህ ብድር ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ፣ እኛ ለምንበላው ልጆቻችንን ዋስ ማስጠራት ነው።

እንግዲህ መለኪያው የከተማዋ ትንሽነት ነው ወይ? አይደለም። ሌክ ፕላሲድ የምትባል የአሜሪካ መንደር ነዋሪዎቿ 3,000 እንኳ ሳይሞሉ በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክን ተቀብላለች። በረዶውም ተራራውም የራሷ ነው። በ2023 ደግሞ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት ጨዋታን አስተናግዳለች። ነገር ግን በ1980 ስፖርተኞቹ ያደሩበት መንደር ኋላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እስር ቤት! ገና ሲሠራም የታሰበው ለዚያ ነበር። አንድ ሕንፃ ለማን እንደተሠራ ለማወቅ እንግዳው ከሄደ በኋላ ማን እንደሚገባበት ማየት ይበቃል።

የዴንቨርም ነገር መነሣት አለበት። የ1976ን የክረምት ኦሊምፒክ አዘጋጅ ተብላ ከተመረጠች በኋላ፣ በ1972 የኮሎራዶ ሕዝብ በድምፁ ገንዘባችንን ለዚህ አንሰጥም አለ። ውድድሩም ኢንስብሩክ ወደምትባለው የኦስትሪያ ከተማ ሄደ። እሷም ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በ1964 አዘጋጅታ ስለነበር የተሠራ ነገር ነበራት። ደግሞ በ2017፣ ለ2026 እንወዳደር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የዚያው አካባቢ ሕዝብ እምቢ አለ። በእኔ አስተያየት ክብር ማለት ይህ ነው። ተጠይቆ እሺ ማለትም፣ ተጠይቆ እምቢ ማለትም ሁለቱም ክብር ናቸው። ሳይጠየቁ ደጋሽ መባል ግን ክብር አይደለም።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ሞንትሪያል ዕዳዋን ከፍላ በጨረሰችበት በ2006 ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ድሬን በሌሊት መትቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ “አሁንም ታላቅ ውድድር እናምጣ” ቢል፣ ድሬዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ስታዲዮሙ ወንበር ሳይሆን ስለ ወንዙ ግንብ ቢሆን ማን ይፈርድባቸዋል? ውድድሩ ግንቡን፣ የውሃ ቧንቧውንና የሕዝቡን መጫወቻ ሜዳ ይዞ የሚመጣ ከሆነ እሰየው! እነሱን ወደ ኋላ ገፍቶ የሚመጣ ከሆነ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ደግሞም መሥራት አንድ ነገር ነው፣ የሠሩትን መያዝ ሌላ ነገር። ሦስት ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ ያስተናገደች አገር በ2022 ብሔራዊ ቡድኗ ግብፅን “በሜዳው” ሲገጥም የተጫወተው ማላዊ ውስጥ ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚቀበለው ሜዳ አልነበረንማ። 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ግን ደስታችንን በሰው ደጅ ነው የጨፈርነው። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ጊዜ መደገስ የቤት ባለቤት እንደማያደርግ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ከተማ ትወዳደር ወይ ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። ከፋዩ ሕዝብ በግልጽ ከተጠየቀ፣ ሸክሙ በትከሻዋ ልክ ከሆነ፣ የሚቀረውም ነገር እንግዳ ባይመጣም ልትሠራው ይገባት የነበረ ከሆነ፣ ትወዳደር! ማንም በትንሽነቷ አያሸማቅቃት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን፣ ትልቅም ትሁን ትንሽ፣ ይቅርባት። ይህን የሚቃወም ጓደኛ ካለ ብዕሩን ያንሣ። ሲጽፍ ግን ያንን ገና ያልተወለደ ልጅ ከፊቱ አስቀምጦ ይጻፍ።