ጠባቧ ቀዳዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ዳገቱን የሚወጣ ሞተር ሳይክል ነዳጅ በብዛት ሲሰጡት ሕመሙ አይታወቅበትም፤ ትልቁ ቀዳዳ ይሸፍንለታል። በሚኒሞ ሲቆም ግን እየተቆራረጠ ይጠፋል። በካርቡራተሩ ውስጥ ለዝግታ ጊዜ ነዳጅ የምታሳልፈውን ጠባብ ቀዳዳ የቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ደፍኗታልና።

እኛስ? ኅዳር 6 ቀን እቴጌ ምንትዋብ ባሠራችው ደብር ከበሮው ሲመታ ድምፃችን ከሩቅ ይሰማል። በማግስቱ ብቻችንን ለጸሎት ስንቆም፣ ታናሽ ወንድማችንም ሲያስቸግረን ግን ትዕግሥታችን ይጠፋል። በልባችን የቆየ ቂም አለና።

መካኒኩ ፈትቶ በቤንዚን ያጥባታል፣ በአየር ይነፋታል፤ ሽቦ ግን አይሰድባትም፤ ከሰፋች ልኳ ይበላሻልና። እኛም ቂማችንን በንስሐ እናስወግድ፤ ወንድማችንንም በፍቅር እንምከረው እንጂ በቁጣ ሽቦ አንውጋው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።