ሥጋውን ስንጠይቅ ጎመኑንስ?

ሥጋ ስንገዛ ማን እንዳረደው እንጠይቃለን፤ ጎመኑ በምን ውሃ እንደበቀለ ግን አንጠይቅም። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት የፋብሪካ ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ውሃ ይጠጣል፤ ሣሩን ደግሞ ላም ትግጠዋለች። ተመራማሪዎች በሰላጣውና በቆስጣው ክሮሚየምና ካድሚየም አግኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ይለፋበታል፤ ካድሚየም ኩላሊት ይጎዳል። እድፍ ቢሆን ታጥቦ ይለቅ ነበር፤ ይህ ግን በሥር ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ተቀምጧል።

ታዲያ ወንጀሉ የማን ነው? ገበሬው ሌላ ውሃ የለውም፤ ልጆቹም ከዚያው ይበላሉ። ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቀው ግን በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 እንደሚከለክለው ያውቃል። ዘካ ያወጣል እንዳትሉኝ፤ የሰው ሐቅ የሚመለሰው ለባለሐቁ ነው። ባለሐቁ ደግሞ ገበያ ወጥቶ ጎመን የገዛ፣ መበደሉንም የማያውቅ ሰው ነው። አፉ በለኝ ለማለት ማን ዘንድ ይሄዳል?