የታመመው በሬ ኪሳራ የማን ነው?

 

ዛሬ ወደ በረት ጎራ እንበል። አንድ ከብት አድላቢ ለዒደል አድሓ ብሎ ስምንት በሬ አስሯል እንበል። የገዛበት ገንዘብ ግማሹ ብድር ነው። ዒዱ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንዱ በሬ መኖ ተወ፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያነክሳል። ባለቤቱ የዓመታት ልምድ አለውና አፍተግር እንደሆነ ገምቷል። ነገ የገበያ ቀን ነው። ከብት ተራ ቢያወጣው ትርፉ ቢቀር ዋናውን ያድናል። ቢያስቀረው በሬው ይከሳል፣ የዒዱም ገበያ ያመልጠዋል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ አላህ በእኔ በረት ላይ የወሰነውን ኪሳራ ለማላውቀው ሰው ማሻገር እችላለሁን?

በእንዲህ ያለ ሰዓት ነፍስ ምክንያት አታጣም። የመጀመሪያው «ገዢው ዓይን አለው፣ አይቶ ይግዛ» የሚል ነው። ነገር ግን ለሃጩ ተጠርጎ፣ ትኩሳቱ በመርፌ በርዶ የቀረበን በሬ ገዢው ምኑን ያየዋል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። እሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ልብ እንበል፦ ዝናቡ የሻጩ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ መደበቁ ነበር። የበሬው መታመምም እንዲሁ ነው። ማንም በዚያ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው በሸፈነው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሃይማኖት ይመስላል፦ «ሁሉም ቀደር ነው፤ በሽታ ያለ አላህ ፈቃድ አይተላለፍም።» ንግግሩ እውነት ነው፤ የተነገረበት ዓላማ ግን ልክ አይደለም። በሽታ በራሱ ኃይል እንደማይተላለፍ ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኞቹ ዘንድ እንዳያመጣቸው ከልክለዋል። ዑለማዎች ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ አድራጊው አላህ ነው፣ ሰበብን መጠበቅ ግን በእኛ ላይ ግዴታ ነው ይላሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ይሆን ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነግረው ምሳሌውን ከእረኛ ኑሮ አመጡ፦ አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን የሚያሰማራ ሰው የትኛውንም ቢመርጥ ከቀደር አይወጣም። ቀደር እረኛውን ከመምረጥ አላሳረፈውም።

ሰበቡ ደግሞ ቀላል አይደለም። የአፍተግር በሽታ በለሃጭ፣ በጋራ የውኃ ገንዳ፣ በነጂው ጫማ ጭምር ይሄዳል። ጥጃ ይገድላል፣ የላም ወተት ያደርቃል፣ የእርሻ በሬ ያስተኛል። ሀገራችን ይህን መከራ በሌላ በሽታ ቀምሳዋለች። በ1880 ዓ.ም አካባቢ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የምንለውን ረሃብ አስከተለ። ያ በሽታ በክትባትና በቁጥጥር ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ሦስተኛው ምክንያት «ሳይሞት በቢስሚላህ አርደን በቅርጫ እንካፈለው» ይላል። በእርግጥ ነፍሱ ሳትወጣ የታረደ እንስሳ መይታ አይባልም። የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እረኛ ልትሞት የደረሰች በግ በስል ድንጋይ ስታርድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሥጋዋ እንዲበላ ፈቅደዋል። ሆኖም ማረድ እንስሳውን ከመይታነት ያወጣዋል እንጂ ከደሙ ውስጥ በሽታ አያወጣም። በሽታው አባሰንጋ ከሆነ አራጁን፣ ገፋፊውን፣ በላተኛውንም ሊገድል ይችላል፤ ከፈሰሰው ደም የሚቀረው ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በድንገት የሞተ፣ ከአፍና ከአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚወጣው ከብት አይከፈትም፣ አይገፈፍም። ለእንስሳት ሐኪም ተነግሮ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ራስንም ሌላውንም መጉዳት በዲናችን ቦታ የለውም።

በሬው ራሱም ሐቅ አለው። መናገር ስለማይችሉ እንስሳት አላህን እንድንፈራ ታዘናል። ሰኮናው የቆሰለን በሬ በእግሩ እስከ ገበያ መንዳት በደል ነው። አማናውን የሚወጣ ሰው የታመመውን ይለያል፣ ሐኪም ይጠራል፣ ለጎረቤት ይናገራል፣ ከጋራ ውኃ ያርቀዋል። መድኃኒት የተወጋች ላም ካለችውም ሐኪሙ የቆረጠው ቀን ሳይሞላ ወተቷን አይሸጥም።

ለኡድሒያ እንደማይሆኑ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቆጠሯቸው አራት አንዷ በሽታዋ ግልጽ የሆነች ናት። ያን በሬ የሚገዛው ሰው ዓመት ሙሉ ቆጥቦ ለአላህ ሊያርድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዒባዳውንም ነካንበት ማለት ነው። ለራሳችን ኡድሒያ የማንመርጠውን ለወንድማችን እንዴት እናቀርባለን?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። አድላቢው እውነቱን ተናግሮ በሬውን ቢያስቀር ብድሩን ማን ይከፍልለታል? «አላህ ይተካህ» ብለን ወደ ቤታችን ከገባን፣ ለቀጣዩ ሰው እውነት መናገር ብቻውን የሚያከስር መሆኑን አስተማርነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ንብረቱን አደጋ ያጠፋበት ሰው ኑሮው እስኪቃና ሰውን መጠየቅ እንደሚፈቀድለት አስተምረዋል። ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮችም ባለ ዕዳዎች ይገኛሉ። ለእርሱ መጠየቅ ከተፈቀደ በእኛ ላይ መልስ መስጠት አለ። ስለዚህ የመስጂዱ ጀመዓ፣ የሰፈሩ እድር፣ አቅም ያለው ነጋዴ ሁሉ ድርሻ አለው። ኪሳራው ወደማያውቅ ገዢ ተደብቆ አይሻገር፤ ፈቅደን፣ አውቀን፣ ተካፍለን እንሸከመው።

ሻጭና ገዢ እውነት ከተነጋገሩና ነውሩን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ ያገኛል፤ ከዋሹና ከደበቁ በረካው ይነሳል።

ያ አላህ! ሪዝቃችንን ሐላል፣ ምላሳችንን እውነተኛ አድርግልን። ከብቶቻችንን ከበሽታ ጠብቅልን። የከሰረውን በተሻለ ተካለት፣ እኛንም የመተካቱ ሰበብ አድርገን። አሚን!