ወሬን የተቀበለ ጆሮ

በገጠሩ ሕዝባችን ዘንድ አንድ ሰው የባልንጀራውን ስም ሲያጠፋ ነገሩ እንዴት እንደሚዳኝ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። በፍኖተ ሰላም ዙሪያም ሆነ በቡሬ ገጠር የተበደለው ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ከዛፍ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ያስቀምጧቸዋል። ተናጋሪው ያን በስውር የተናገረውን ቃል በባለቤቱ ፊት እንዲደግመው ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ ሐሜቱ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው በሌለበት በድፍረት የተነገረ ነገር በሰው ዓይን ፊት ሲደገም ይከብዳልና።

በደለኛው ጥፋቱን ካመነ ክሶ ይታረቃል። እምቢ ካለ ዕድሩ ይቀጣዋል፤ አልመለስ ካለም ይሰርዘዋል። መሰረዝ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የተሰረዘ ሰው ወንፈል የሚወጣለት፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ በሞተም ጊዜ የሚቀብረው ያጣል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ወደዚያ ለመድረስ አይቸኩሉም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የምናገኘው ሥርዓትም አስቀድሞ ለብቻ፣ ቀጥሎ በምስክሮች ፊት፣ በመጨረሻም በጉባኤ ፊት የሚል በመሆኑ ከዚህ ልማድ ብዙ አይርቅም። እርግጥ ልማዱ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ለሰላም ሲባል ተበዳዩ ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ይቅር እንዲል ይገፋል፤ ሴቶችም ከሸንጎው እምብዛም አይቀመጡም።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ቃል ባለቤት ሲኖረው ነው። ዛሬ በስልክ የሚናኘው ስድብና ሐሰተኛ ክስ ባለቤቱ አይታወቅም፤ ቢታወቅም ለሽማግሌ አይቀርብም። ከአንድ መንደር ቢያባርሩት በሌላ ስም ይመለሳል፤ ቀብሩን የሚያስብ ዕድር እንደሚያጣ ሰው አይጨነቅም።

በዚህ የሚመጣውን ጥፋት ከእኛ ብዙም በማትርቀው በባሕር ዳር አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ትግራዊው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶግራፋቸው ከሐሰተኛ ክስ ጋር በፌስቡክ ተሰራጨ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ በናይሮቢ ክስ መሠረተ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከዚያ ግድያ በፊት የወጣ ነው፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ያዝዛል። አፍን ሁሉ መዝጋትም መድኃኒት አልሆነም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወሬው በአፍ መሄዱን አልተወም፤ ወሬውን የምናጣራበት መንገድ ግን ጠበበን።

እንግዲህ ተናጋሪውን መያዝ ካልተቻለ የሚቀረው ማነው? ሰሚው ነው። ስለ ክፉ ምላስ ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ጆሮ ግን የተባለው ጥቂት ይመስለኛል። አባቶቻችን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ሲሉ ሰሚውን ከተጠያቂነት ነጻ አላወጡትም። በባሕር ዳር ያን ፎቶግራፍ ያዩት ሁሉ ገዳዮች አልነበሩም። አብዛኞቹ ምናልባት ከንፈራቸውን መጠው ያለፉ፣ ወይም ለወዳጃቸው ያሳዩ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ድርሻ ምን ያህል ነው? ሕግ ሊመዝነው አይችልም፤ ትንሽ ነው ብሎ ማለፍም ሕሊናን አያሳርፍም። እኔ ዝም ብሎ የሰማ ሰው ከበደሉ ድርሻ አለው ባይ ነኝ፤ በተለይ እውነቱን የሚያውቅ ከሆነ።

ይህንን የምለው በራሴ ላይ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚኒባስ ስሄድ፣ ማንኩሳን ሳናልፍ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት የአንድ እህል ነጋዴ ፎቶግራፍ ከስልኩ አሳየን። እህሉን ደብቆ ያስወደደብን ይህ ነው የሚል ተጽፎበታል። አንዲት እናት «እግዚአብሔር ይይለት» አሉ። ሌላው በስልኩ እንዲልክለት ጠየቀ። እኔ ነጋዴውን አውቀዋለሁ፤ መጋዘኑን ገብቼ አይቻለሁ፤ የተደበቀ እህል አልነበረበትም። ይህን መናገር ግን የነጋዴ ወገን የሚያሰኘኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ቡሬ ስወርድ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ አገኘሁት። «እንዴት ሰነበቱ፣ ምነው ጠፉ?» ብሎ እጄን ይዞ አስገባኝ፤ ቡናም አዘዘልኝ። ጠጣሁ። ስለ ፎቶግራፉ አልነገርሁትም።