የታደሰ ሽጉጥ፣ የተሸፈነ ዓይብ

አሜሪካ ያለህ ወንድሜ፣ ድብ ባለበት ጫካ ስትጓዝ የምትታጠቀው ያገለገለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዛህ እንበል። ዝገቱን ፍቀህ፣ ወልውለህ፣ አጥቁረህ አሳመርከው፤ ማሻአላህ። ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 በፊት የተሠራ ሩገር ብላክሆክ ከሆነ፣ መምቻው ጥይት ላይ እንዳረፈ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። የሚያውቁት ሰዎች አምስት ብቻ ያጎርሱና መምቻውን ባዶው ቀዳዳ ላይ ያሳርፋሉ። ውበቱ ይህን አይነግርም።

ስትሸጠውስ፣ ገዢው ካልጠየቀ ዝም ማለት ይቻላል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥብ አገኙ። ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው አለ፤ ዋሸ አልተባለም። የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገው ነው። ያ እህል ነው፤ ይሄ ነፍስ። ከመክፈሉ በፊት ንገረው። ፋብሪካው መከላከያውን በነፃ እንደሚገጥምም ጨምርለት።