ስፌቱን የት እንስቀለው?
ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየነው ቤት የእንግዳውን መታጠቢያ ክፍል «በቦሄሚያን ስታይል ላስጊጠው» አለች። ዝንጉርጉር ምንጣፍ፣ በጥጥ ገመድ የተቋጠረ መጋረጃ፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ሐረግ፤ ይሁን። የእናቴን የሐረር ስፌት ከሽንት ቤት መቀመጫው በላይ ልትሰቅል ስትል ግን እጇን ያዝኩ።

«ሐረሪዎች ራሳቸው ግድግዳ ላይ አይደል የሚሰቅሉት?»

እውነቷን ነው፤ ግን እነሱ እንግዳ በሚቀመጥበት ነው።

መታጠቢያውን ንቄም አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት 18 አብርሃም ለእንግዶቹ ከእንጀራው በፊት የእግር ውሃ ነው ያለው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ የስፌቱ ክብር የሚመጣው ከሣሩ ነው ወይስ ከአገልግሎቱ? ከአገልግሎቱ ከሆነ፣ እንጀራ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ስፌት ብትሰቅል ምን አገባኝ? እናቴ ያቀረበችበትን ግን እጄ እሺ አላለም። ለዚህ ጥቅስ የለኝም።